የረድፍና የዓምድ መለያ ስም ምንድን ነው?

የክፍል ኃላፊ ሆኖ የሠራ መምህር ሮስተርን በደንብ ያውቃል። በግራ በኩል የተማሪዎች ስም ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ሒሳብ፣ አማርኛ፣ ፊዚክስ እየተባለ ወደ ጎን ይሄዳል። እስቲ ስሞቹንና የትምህርት ዓይነቶቹን በወረቀት ሸፍኗቸው። የሚቀረው 78፣ 64፣ 91 ነው። 64ቱ የማን ነው? የምንስ?

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ነምፓይ የሚባል የቁጥር መሣሪያ አለ፤ የእሱ ሠንጠረዥ እንደዚሁ ነው፤ ቁጥር ብቻ። ውጤት የሚፈለገው በቦታ ነው፦ ረድፍ 1፣ ዓምድ 0 እየተባለ። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ረድፍ 1 ሁለተኛው ተማሪ ነው። ግራ ያጋባል አይደል?

ዌስ ማኪኒ በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፓንዳስ የተባለ ሌላ የፓይተን መሣሪያ ለዚህ መላ አለው። (ስሙ የመጣው ከእንስሳው ሳይሆን «ፓነል ዳታ» ከሚለው ነው።) ዳታፍሬም (የፓንዳስ ሠንጠረዥ) ስንሠራ ቁጥሮቹን እንሰጠዋለን። «ኢንዴክስ» በሚለው የረድፎቹን፣ «ኮለምንስ» በሚለው የዓምዶቹን ስም እንጨምራለን። ዝም ካልነው ራሱ 0፣ 1፣ 2 እያለ ይሰይማል። ስሞቹ ከረድፎቹ ካነሱ ወይም ከበለጡ ኤረር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ «ሎክ» ብለን የጫልቱን ፊዚክስ በስም መጠየቅ ነው።

ብዙ ሰው ስሙ ለዓይን እንዲያምር የተለጠፈ ይመስለዋል። ግን ሒሳቡንም የሚወስነው እሱ ነው። ከበደ ከአንደኛው ሴሚስተር በኋላ ለቀቀ እንበል፤ በእሱ ቦታ ሰላም ገባች። የሁለቱን ሴሚስተር ውጤት በነምፓይ ብንደምር ቦታ ከቦታ ጋር ይደመራል። የከበደ ውጤት ለሰላም ይታሰብላታል። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ፓንዳስ ግን ስምን ከስም ያገናኛል። የከበደና የሰላም ረድፍ ላይ «ናን» ይጽፋል፤ እዚህ ቁጥር የለም ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ያናድዳል። እኔ ግን ከተሳሳተ ድምር ናን ይሻለኛል።

በእኛ ፊደል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ጊዜ ሁለት ሠንጠረዥ ደምሬ አንድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ናን ሆነብኝ። ዓምዶቹን ስቆጥር አንድ ትርፍ አለ። ያኛውም ናን በናን ነው። አንዱ ላይ «ሒሳብ»፣ ሌላው ላይ «ሂሳብ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለፓንዳስ ግን ሁለት የትምህርት ዓይነት።