የደብር ጓሮ በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ የሚለየው በጥዱና በወይራው ነው። ቅጽሩን አልፎ የገባ ግን በብዙ ደብርና ገዳም ከአገልጋዮቹ ጎጆ ኋላ፣ ውኃ በሚቀርብበት በኩል፣ የጎመን፣ የድንች፣ የነጭ ሽንኩርትና የካሮት መደብ ያገኛል፤ ዳር ዳሩን ጌሾ ይቆማል። አትክልቱን የሚያለሙት መነኮሳት፣ የአብነት ተማሪዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሥራውን የሚያስተባብረው ብዙውን ጊዜ የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል ነው።

ጓሮው ትንሽ የሆነበት ምክንያት አለው። ድሮ ካህኑ የሚያድረው በሰሞን መሬት፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በተመደበ መሬት፣ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ሰሞኑ ቀረ፤ በብዙ ቦታ ለቤተ ክርስቲያን የተረፋት ቅጽሯና ዙሪያው ብቻ ሆነ።

የዚህ ጓሮ ጌቶች አመዳይና ጾም ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ አይስማሙም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መንዝም ብርዱ አይቀልለትም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት አመዳይ ይወርድና ለምለም የነበረው ድንች ጠዋት በእሳት የተለበለበ መስሎ ይገኛል። ዐቢይ ጾም የሚገባው ደግሞ ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ነው፤ 55 ቀንም ይዘልቃል። ያን ጊዜ ማዕድ ላይ ጎመን እንዲኖር ችግኙ በዚያው በአመዳዩ ወራት መፍላት አለበት። ስለዚህ የችግኝ መደቡ ማታ በሣር ይሸፈናል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይገለጣል። ይህን አንድ ቀን የረሳ ተማሪ ወቀሳው እስከ ፋሲካ አይለቀውም። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችሉታል። ድንች ግን አይችልም፤ በጥር መጨረሻ ይተከልና ውኃ እየጠጣ ከርሞ ለጾመ ሐዋርያት ይደርሳል። በሰኔ ዝናብ የሚተከለውም ቢሆን አመዳዩ ሳይቀድመው መውጣት አለበት። እንዲያውም ነሐሴ ላይ፣ ሰው ፍልሰታን በሚጾምበት ሰዓት፣ እርጥበቱ ቅጠሉን የሚያጠቁርና የሚያበሰብስ በሽታ ያመጣበታል።

አፈሩም የራሱ ጣጣ አለው። ሜዳው ዋልካ ስለሆነ ውኃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ መደቡ ከፍ ተደርጎ በመካከሉ ቦይ ይቀደዳል። የባሰው ችግር ማዳበሪያው ነው። እንጨት ባነሰበት አገር ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው አመዱ ነው። ገበሬው ለገብስ እርሻው ጓይ የሚባል ዘዴ ነበረው፤ አፈሩን ከምሮ ያቃጥለውና ይበትነዋል፤ አንድ ሁለት ዓመት ጥሩ ካበቀለ በኋላ መሬቱን ለረጅም ጊዜ ጦም ያሳድረዋል። በየወቅቱ መዝራት ለሚፈልግ ጠባብ ጓሮ ይህ አይሆንም። የወጥ ቤት ጥራጊና የዛፍ ቅጠል ጉድጓድ ውስጥ አብላልቶ መጠቀም ከዚያ በብዙ ይሻላል፤ ደን ያለው ደብር የቅጠል ችግር የለበትምና።

የሚነሣው አትክልት አከፋፈል እንደ ቦታው ነው። በአንድነት ገዳም የግል መደብ የለም፤ የለማው ሁሉ ወደ አንድ ማዕድ ይገባል፤ ስንቁን የሚይዘው መጋቢው ነው። በቁሪት ገዳም ግን መነኩሴው ሠርቶም ሆነ ተሰጥቶት ያገኘውን ለብቻው ይመገባል። አጥቢያው በሁለቱ መካከል ነው። ጓሮው በቅድሚያ የአብነት ተማሪዎችን ይደጉማል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ከመንደር በለመኑት ቁራሽ ላይ የጎመን ወጥ ሲጨመርበት ቁራሹ ምሳ ይሆናል። በደጀ ሰላሙ ላሉ ነዳያንና ለአቅመ ደካሞች ይሰጣል። ተርፎ የተሸጠው ለጧፍ፣ ለዕጣንና ለዘቢብ ይውላል። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከሽያጭ የሚጀምር ጓሮ ገቢው ቢያምርም የደብር ጓሮነቱ ያጠራጥረኛል።

ምእመናንም ከየጓሯቸው በኵራት ብለው የመጀመሪያውን ያመጣሉ። በንግሥ ቀን ለስእለት የገባ ነገር በጨረታ ሲሸጥ ዋጋው ከገበያው በላይ ይሄዳል፤ ያሸነፈው ሰው መልሶ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥና እንደገና ይጫረቱበታል። እዚያ ዐውደ ምሕረት ላይ ማንም የሽንኩርቱን ክብደት አይጠይቅም።

ከደጋው ጫፍ ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል፤ ማንጎና ፓፓያም ይበቅላል። እዚያ ጭንቀቱ ብርድ ሳይሆን ሙቀትና የቦይ ተራ ነው።

ደጋው ላይ የሐበሻ ጎመኑ ሁሉ አይቀነጠስም። ጥቂት እግር አብቦ ዘር እንዲይዝ ይተዋል። ዘሩ ሲደርቅ ገሚሱ ለሚመጣው ዓመት በጨርቅ ይቋጠራል፤ ዘር ያለቀበት ጎረቤት እፍኝ ይወስዳል፤ ቀሪው ተወቅጦ እንጀራ ቤት ይገባና ምጣድ ይታሰስበታል።