ሐማል እና ሃምሳ ሎሚ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ብዙዎቻችን የምንሰማው «ተባበሩ» የሚለውን ነው። ልክ ነው። እኔን ግን ሰሞኑን የያዘኝ «ሸክሙ» የሚለው ቃል ነው።

ነገሩ የጀመረው ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ነው። ገበያው ከፒያሳ ተነስቶ በ2012 በኮሮና ሰበብ ጃንሜዳ ገባ፣ ከዚያ ወደዚህ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። አጠገቤ የቆሙ የድሬዳዋ እናት «ሐማል! ና እስቲ የኔ ልጅ» ብለው ተጣሩ። ማንም አልዞረም። «ተሸካሚ!» ሲሉ ሦስት ልጆች ሮጠው መጡ።

ሐማል የዐረብኛ ቃል ነው። ሐመለ ማለት ተሸከመ ነው። መካከለኛው ፊደል ጠብቆ «ሐምማል» ሲባል ግን አንድ ቀን የተሸከመ ሰው ማለት አይደለም፤ በመሸከም የሚያድር፣ እንጀራው ሸክም የሆነ ሰው ነው። ደላላም እንዲሁ ነው! ዐረቡ «ደልላል» ይለዋል፣ መንገድ ከማሳየት፣ ከመምራት የመጣ ነው። ሁለቱ ወንድማማች ቃላት አንድ ገበያ ውስጥ ይውላሉ። አዲስ አበባ ደላላን ይዛ ሐማልን ለምሥራቁ መተዋ ያሳዝነኛል። በእሱ ፋንታ የያዝነው «ኩሊ» ሰውን ዝቅ ማድረጊያ ሆኖ ቀርቷል።

ደግሞ ይህን ስሙ። ዐረቡ እርጉዟን ሴት ከዚሁ ሥር «ሓሚል» ይላታል። እኛስ? ነፍሰ ጡር እንላለን። ጡር የግዕዙ «ጾረ» ነው፣ ተሸከመ ማለት። ነፍስ የተሸከመች። ቋንቋዎቹ ሳይማከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ተገናኙ።

ወደ ሎሚው ልመለስ። ጌጥ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሎሚ በእጅ ተይዞ ይሸታል፤ በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳት ልጅ ላይ የሚወረውረው ሎሚ ነው። ያው ሎሚ ሃምሳ ሆኖ አንድ ትከሻ ላይ ሲወድቅ መዓዛው ይጠፋል፣ ክብደቱ ይቀራል።

ከሦስቱ አንዱ የሴትዮዋን የሽንኩርት ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ባዶ ማዳበሪያ አጥፎ ትከሻው ላይ አድርጓል። ብቻውን ሞከረ፣ አልሆነም። ቀና ብሎ አየኝና «አሸክመኝ፣ ጋሼ» አለኝ።

አንዱን ጫፍ ያዝኩ።