«ሰላም ሲወርድ ይቀጥላሉ» እና ሌሎች ስለ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት የምንሰማቸው ስሕተቶች

«የቆሎ ተማሪ የሚለምነው ሰንፎ ነው።» ልመናው የትምህርቱ ደንብ ነው፤ ደህና ካለው ቤት የወጣ ልጅም «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ይቆማል።

«ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ጠንቋይ ነው።» ለዚህ ቀለም አላባክንም።

«በስልክ ይማሩ።» መብራትም ኔትወርክም በጠፋበት ገጠር?

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ «አሁን ግጭት ነው፣ ትምህርቱ ይቆይ፤ መጻሕፍቱ እስካሉ ድረስ ሰላም ሲወርድ ይቀጥላሉ።» የሚሉት ደግሞ ዲግሪ የያዙ ሰዎች ናቸው! እስቲ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ገልጣችሁ እዩ። ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክት ተደርድሯል። ምልክቱ ዜማውን ለሚያውቅ ማስታወሻ ነው፤ ከየኔታ አፍ ያልሰማ ሰው መጽሐፉን ታቅፎ ቁጭ ከማለት በቀር የሚያዜመው የለውም። ቅኔውማ የባሰ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና፣ ተነሥቶ በየጊዜው አዲስ ቅኔ ይቆጥራል (ይደርሳል)፣ ለየኔታ ይነግራል፣ እሳቸውም ያርሙታል። የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። ታዲያ የሚቀጥሉት ከየትኛው ገጽ ነው?

ደግሞ ተማሪው የዚያው አገር ልጅ አይደለም። ድጓ ለማስመስከር (በመምህርነት ለመመረቅ) ጋይንት ቤተልሔም፣ ለቁርባንና ለሙታን መታሰቢያ ዜማው ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ከበሮና ጸናጽል ለሚያዝበት ለአቋቋም ጎንደር ይወርዳል፤ ያውም ብዙውን በእግሩ። አኮፋዳ አንግቶ ከመንደር መንደር የሚዞር ጎረምሳ በደህናው ቀን ቁራሽ ይሰጠዋል፤ ተኩስ ባለበት ግን «የማን ወገን ነህ?» ነው የሚባለው። መንደሩም ራሱ ካልበላ ለተማሪ ከየት ያመጣል? ቁራሹ ሲቀር ተማሪው ይሄዳል፣ ተማሪው ሲሄድ የኔታም ወንበሩን አጥፈው ወደ ዘመድ ይጠጋሉ። ጉባኤ ተበተነ የምንለው ይህንን ነው። የዐቢይ ጾሙን ዜማ ጾመ ድጓን ዘልቆ ድጓ የጀመረ አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ መንገድ ተዘግቶበት ከተማ ቀረ፣ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። መጽሐፉ ከእጁ አልወጣም፤ ዜማው ነው የወጣው።

ስለዚህ ለመጻሕፍት ማሳተሚያ ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ለመምህሩና ለተማሪዎቹ ቀለብ አድርሱ፣ ጉባኤው ሳይበተን። ተሰዶ ወደ ሰፈራችሁ የመጣ ተማሪ ካገኛችሁም ሳንቲም ጥላችሁ አትለፉ። «ከየት አድርሰሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ በአካባቢው ካቆመበት የሚያስቀጽለው (የሚያስተምረው) መሪጌታ ፈልጉለት፣ ሰበካ ጉባኤውንም ማደሪያ ጠይቁለት።