የካርድ ጨዋታ ማስፋፊያ ስለመሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአስማትና በዘንዶ ዓለም የሚካሄድ የካርድ ጨዋታ የሚወድ ሰው፣ ይዋል ይደር እንጂ የራሱን ማስፋፊያ መሥራት ያምረዋል። ማስፋፊያ ማለት በነባሩ ጨዋታ ላይ የሚጨመር፣ በአንድ ጭብጥ ዙሪያ የተሠራ አዲስ የካርድ ስብስብ ነው። እኔም ይህ ፍቅር ከያዘኝ ቆየ። የጀማሪዎችን ሥራ ባየሁ ቁጥር ግን ያው የተለመዱ ሐሳቦች ይመጣሉ፤ የስንቱን ልፋት መና ያስቀሩት እነሱ ናቸው። አብዛኛውን ምሳሌ የምወስደው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ (ባጭሩ ማጂክ) ከሚባለው የካርድ ጨዋታ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጭብጥ ማለት ስምና ሥዕል ነው»

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይሄ ነው። የድሮውን ወታደር ካርድ ያነሱና «የባሕር ጠባቂ» ይሉታል፤ ከጀርባው ማዕበል ይሥሉበታል፤ በቃ፣ የባሕር ማስፋፊያ ተሠራ።

ጭብጥ ግን ተጫዋቹ በሚያደርገው ነገር ውስጥ መኖር አለበት። በ2011 የወጣውን ኢኒስትራድን እንይ። ጭብጡ የጨለማና የፍርሃት ተረት ነው። ሰው-ተኩላዎቹ ሁለት ፊት ያላቸው ካርዶች ናቸው፤ በአንዱ ሰው፣ በሌላው ተኩላ። የሚገለበጡት በአንድ ተራ ውስጥ ማንም ሰው ከመሬት ካርድ (ለአስማት መክፈያ ኃይል ከሚሰጠው ካርድ) በቀር ምንም ሳይጫወት ሲቀር ነው። ዝምታ ሲሆን ይመሻል ማለት ነው። ወደ ሰውነታቸው የሚመለሱት ደግሞ አንድ ተጫዋች በአንድ ተራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አስማት ሲጠቀም ነው።

እስቲ ቦታው ላይ ሆናችሁ አስቡት። እጃችሁ ላይ የቀረው አንድ የአስማት ካርድ ብቻ ነው። አሁን ትጥሉታላችሁ ወይስ ለክፉ ቀን ታቆዩታላችሁ? ካቆያችሁት፣ ማዶ የተቀመጠው የመንደር ሰው ተኩላ ሆኖ ይመጣባችኋል። ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ብትጫወቱ እንኳ ፍርሃቱ አይጠፋም። እኔ የራሴንም ሥራ የምመዝነው በዚህ ነው።

«ጭብጡን የሚሸከሙት ብርቅዬ ካርዶች ናቸው»

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ፤ ጉዳዩ የሚታየው በሒሳብ ነውና። ድራፍት የሚባለውን አጨዋወት ውሰዱ። ስምንት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሦስት ፓኬት በየተራ ይከፍታል፤ አንድ ካርድ መርጦ ቀሪውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል፤ በመጨረሻም በመረጣቸው ካርዶች ይጫወታል። በአጠቃላይ ሃያ አራት ፓኬት ነው። በአንድ ፓኬት ውስጥ አሥር ተራ ካርድ (በብዛት የሚገኝ) እና አንድ ብርቅዬ (እምብዛም የማይገኝ) አለ እንበል።

ስለዚህ ገበታው ላይ 240 ተራ ካርድና 24 ብርቅዬ ይወጣል። ማስፋፊያው መቶ ዓይነት ተራ ካርድ ካለው፣ እያንዳንዱ በአማካይ ሁለት ጊዜ ከምናምን ይታያል። ስልሳ ዓይነት ብርቅዬ ካለው ግን፣ ያ ሌሊት ሙሉ የለፋችሁበት ታላቁ ዘንዶ ከሦስት ገበታ በሁለቱ ጨርሶ አይወጣም።

ጭብጡን የሚሸከመው ተራው ካርድ ነው። ከመቶው ተራ ካርድ አሥራ አምስቱ ጭብጡን ከያዙ፣ በየፓኬቱ አንድ ወይም ሁለት ይደርሳል። ያኔ ሁሉም ሰው ያገኘዋል። በኢኒስትራድም ዴልቨር ኦቭ ሲክሬትስ የሚባለው ተመራማሪ፣ ሳይታሰብ ወደ በራሪ ነፍሳት የሚለወጠው፣ ተራ ካርድ ነበር። በውድድር መድረክ ላይም ለዓመታት ሲያገለግል ኖሯል። ብርቅዬውን ለመጨረሻ አቆዩት። መጀመሪያ ተራዎቹን ጻፉ።

«ተረቱን በታማኝነት ከተከተልኩ ይበቃኛል»

የማጂክ የመጀመሪያው ማስፋፊያ፣ በዲሴምበር 1993 የወጣው አረቢያን ናይትስ፣ ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተቀዳ ነበር። ሸህራዛድ የምትባል ካርድ አለችበት። ተረት በተረት ውስጥ እንደምታወራው ሴት፣ ካርዷም ጨዋታውን አስቁማ በውስጡ ሌላ ጨዋታ ታስጀምራለች፤ በዚያ ያላሸነፈ የዕድሜ ነጥቡን ግማሽ ያጣል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ግን አንድ ጨዋታ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። በይፋዊ ውድድሮች ታግዳለች። ተረቱ ያምራል ማለት ገበታው ይችለዋል ማለት አይደለም።

«አዲስ ደንብ በበዛ ቁጥር ማስፋፊያው ይደምቃል»

አዲስ ደንብ ሁሉ ከተጫዋቹ ጭንቅላት ላይ ቦታ ይወስዳል። ከዚያም የባሰ አለ፤ ከራሱ ስብስብ ውጪ ከማንም ጋር የማይግባባ ደንብ። በ2004 የወጣው፣ ከጃፓን አፈ ታሪክ የተቀዳው የካሚጋዋ ማስፋፊያ፣ አንዱን አስማት በሌላው ላይ የሚቀጥል ደንብ ነበረው። ነገር ግን የሚቀጠለው አርኬን በተባሉ አስማቶች ላይ ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ የተሠሩት ለዚያው ለካሚጋዋ ነበር። ቀድሞ ካርድ ያጠራቀመ ሰው ከነባሮቹ ጋር ሊያዋህደው አልቻለም። ሁለት ወይም ሦስት ደንብ መርጣችሁ በደንብ አብስሏቸው።

«ደካማ ካርድ ስህተት ነው»

አይደለም። ለጀማሪ ቀላል የሆነ፣ በድራፍት ቦታ የሚሞላ ካርድ ያስፈልጋል። ስህተቱ ለምን እንደተሠራ ማንም የማያውቀው ካርድ ነው።

«አዲሱ ከድሮው ካልበረታ ሰው አይፈልገውም»

በ1998 የወጣው ኡርዛስ ሳጋ እጅግ ብርቱ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ጨዋታዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ማለቅ ጀመሩ፤ ካርዶቹ እየተከታተሉ ታገዱ። ሰው የሚፈልገው አዲስ ጥያቄ ነው። ትናንት የናቀውን ካርድ ዛሬ እንዲያነሳ ካደረጋችሁት፣ ኃይል መጨመር ሳያስፈልጋችሁ ቀልቡን ገዛችሁት።

«ቁጥሩን ካሰላሁት ሙከራ አያስፈልግም»

ስካልክላምፕን ልንገራችሁ። በፌብሩዋሪ 2004 የወጣ፣ ፍጡር ላይ የሚገጠም ርካሽ ዕቃ ነው። ለፍጡሩ ጥቃት አንድ ይጨምራል፣ ከጽናቱ አንድ ይቀንሳል፤ ፍጡሩ ሲሞት ባለቤቱ ሁለት ካርድ ይስባል። የጽናቱ ቁጥር የተለወጠው በሥራው መጨረሻ ሰዓት ላይ ነበር። በወረቀት ላይ ቅናሹ ቅጣት ይመስላል። ገበታ ላይ ግን ጽናቱ አንድ የሆነ ትንሽ ፍጡር ዕቃው እንደተገጠመለት ጽናቱ ዜሮ ይሆንና ወዲያው ይሞታል፤ እናንተ ሁለት ካርድ ትስባላችሁ። ቅጣት የመሰለው ነገር ዋናው ጥቅም ሆነ። በጁን ታገደ።

እኔ የምሞክረው በቁራጭ ወረቀት ነው። ሥዕል የለም፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ብቻ። አንድ ጊዜ ማዕበል የሚሞላና የሚጎድልበት የባሕር ማስፋፊያ ሠራሁ፤ እያንዳንዱ ካርድ የራሱን ማዕበል ይቆጥር ነበር። ጓደኛዬ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሦስት ጊዜ ረሳው። ሊያስከፋኝ ስላልፈለገ ምንም አላለም፤ እኔ ግን አየሁት። ቆጠራውን ከሁሉም ካርዶች ላይ ሰረዝኩና መሀል ገበታው ላይ ለሁለታችንም አንድ የማዕበል ወረቀት አስቀመጥኩ። በሁለተኛው ጨዋታ ሳላስታውሰው እጁን ዘርግቶ ወረቀቷን ገለበጠና «ሞላ!» አለ።