የፖለቲካል ሳይንስ ሽልማቶችና የኮዬ ፈጬ እድራችን

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ረጅም ጨዋታ የምጫወተው እድር ላይ ነው። በቀደም እሁድ ከስብሰባው ስንወጣ፣ ስድስት ኪሎ ፖለቲካል ሳይንስ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ በእኛ ትምህርት የሚሸለም ሰው አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አብረውን የሚሄዱት እማማ ቀደሙኝ። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው ልጄ፣ ደግሞ ምን ሽልማት አለው?» አሉ። ብሎካችን ጋ እስክንደርስ የቻልኩትን ያህል ነገርኳቸው። አልበቃም። ስለዚህ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

የማወራው ለፖለቲከኛ ስለሚሰጥ ሽልማት አይደለም። የኖቤል የሰላም ሽልማት ሌላ፣ ይኼ ሌላ። ይኼኛው ሥልጣንን ለሚያጠኑ ሰዎች የሚሰጥ ነው። በእውነት የሚወስነው ማን ነው? ሰው ለምን ሕግ ያከብራል? መንግሥት ለምን ይወድቃል? የምርጫ ሕጉ ሲቀየር ፓርላማ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚደክም ሰው አለ። አልፍሬድ ኖቤል በኑዛዜው ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ ሕክምናን፣ ሥነ ጽሑፍንና ሰላምን ሲጠራ እነዚህን ሰዎች አልጠራም። የኢኮኖሚክሱም ቢሆን የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ በኋላ ያመጣው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1969 ነው።

የፖለቲካል ሳይንሱን ክፍተት የሞላውም ከዚያችው ከስዊድን የመጣ ነው። ዮሃን ሺቴ የሚባል ሰው ነበር፤ የንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ አስተማሪ የነበረ፣ በኋላ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ጠባቂ የሆነ። በ1622 ከራሱ ሀብት ቆርሶ ለንግግር ጥበብና ለመንግሥት አስተዳደር ትምህርት አንድ የፕሮፌሰር ወንበር አቋቋመ። ወንበሩ እስከ ዛሬ አለ። ወንበሩን የያዘው ፕሮፌሰር የሚኖርበት ቤት እንኳ ከነስሙ አለ። እኛ ጋ አፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን የተሰጠ ስጦታ ዛሬም ደመወዝ ይከፍላል ማለት ነው። ይኼን ስጦታ የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን በ1995 የዮሃን ሺቴን ሽልማት ጀመረ። ገንዘቡ ግማሽ ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ነው። ብዙ ሰው «የፖለቲካል ሳይንስ ኖቤል» ይለዋል፤ ለእኔም በዘርፉ ከዚህ የሚከብድ ሽልማት የለም።

የመጀመሪያው ተሸላሚ አሜሪካዊው ሮበርት ዳል ናቸው። ሥራቸውን ትልቅ ያደረገው ዋሽንግተንን ሳይሆን ኒው ሄቨን የምትባል መለስተኛ ከተማ መርጠው መቀመጣቸው ነው። ይቺን ከተማ የሚያስተዳድራት ማን ነው ብለው፣ ትምህርት ቤቱን፣ የመልሶ ማልማቱን፣ የፓርቲ እጩ አመራረጡን አንድ በአንድ ፈተሹ። ባለሀብቱ ሁሉንም አይወስንም፣ በየጉዳዩ ወሳኙ ሌላ ሌላ ሰው ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። ብዙ ተቃዋሚ ገጠማቸው። ክርክሩ አሁንም አላለቀም።

እኔ ግን ከሁሉም ልቤ የሚቀርበው ወደ አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ነው። የሺቴን ሽልማት በ1999 ወሰዱ፤ በሽልማቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከኦሊቨር ዊሊያምሰን ጋር ተካፈሉ፤ እዚያም ከሴት የመጀመሪያዋ። የሚገርመው፣ በወጣትነታቸው ኢኮኖሚክስ በዶክትሬት ለመማር ጠይቀው አልተቀበሏቸውም። ሴት ልጅ ሒሳብ ምን ያደርግላታል ተብሎ በሁለተኛ ደረጃ ላይ በቂ ሒሳብ እንዲማሩ አልተደረገም ነበር። በዚህ ምክንያት ወደ ፖለቲካል ሳይንስ ገቡ። የዶክትሬት ሥራቸው ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያለ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ነበር። ሁሉም ጉድጓድ እየቆፈረ ሲቀዳ የባሕር ጨው ወደ ውሃው ይገባ ጀመር። ሰዎቹ ታዲያ ተሰብስበው፣ ፍርድ ቤት ተካሰው፣ ተስማምተው የየድርሻቸውን ወሰኑ።

የዚያን ጊዜው ትምህርት የጋራ ሀብት መጨረሻው መራቆት ነው ይል ነበር። ወይ መንግሥት ይውሰደው፣ ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል። ኦስትሮም ሄደው አዩ። የስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓን መንደሮች ደን፣ የስፔን ቫሌንሲያ መስኖ፣ የፊሊፒንስ ገበሬዎች የውሃ ማኅበር፤ አንዳንዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት የቆየ፣ ባለቤቱም ጠባቂውም ሕዝቡ ራሱ የሆነ። ከዚያ የቆዩትን ከፈረሱት ጋር አስተያይተው የጋራ ባሕርያቸውን አወጡ። አባሉ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ደንቡ ከቦታው ጋር ይስማማል፤ የሚያወጡትም የሚገዙበት ሰዎች ናቸው። የሚቆጣጠር አለ። ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ ነው የሚከብደው። ጠብ ሲነሳ በቅርብ የሚዳኝ አለ። መንግሥትም ማኅበሩን አያፈርስባቸውም።

ይኼን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ እድር ነው። በርግጥ እሳቸው ያጠኑት ውሃና ግጦሽ ነው፤ እድር ደግሞ ገንዘብ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ጊዜ። ግን እስቲ እዩት። አባሉ በመዝገብ የታወቀ ነው። ደንቡን ፈርመን ነው የገባነው። ቀብር ያልወጣ በስም ጥሪ ይታወቃል፣ መጀመሪያ ትንሽ ብር ይቀጣል፣ ከደጋገመ ይጨመርበታል፣ መጨረሻ ላይ ይሰረዛል። ቅር ያለው ሰው ወደ እድሩ ዳኛ ይሄዳል። ኮዬ ስንመጣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ስም እንኳ የማንተዋወቅ ሰዎች ነበርን። ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ አስከሬን እንዴት እንደሚወርድ ያስተማረን መንግሥት አልነበረም። እድሩ ነው የተማከረበት።

በ2006 የሺቴን ሽልማት የወሰዱት አሜሪካዊው ሮበርት ፑትናምም ሐሳባቸው ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ጣሊያን በ1970 በየክልሉ ምክር ቤት ስታቋቁም ያንኑ ሕግ ለሁሉም ሰጠች፤ ሰሜኑ ላይ ሠራ፣ ደቡቡ ላይ ተንገዳገደ። ፑትናም ልዩነቱን ያገኙት በመዘምራን ቡድን፣ በእግር ኳስ ክበብና በመሳሰሉት ማኅበራት ብዛት ነው። ሰው ሰውን የሚያምንበት ቦታ የመንግሥት ቢሮውም ይሠራል አሉ።

አንድ ስም ግን ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉም በላይ መነገር አለበት፤ አማርትያ ሴን። ኢኮኖሚስት ናቸው፣ የ1998 ኖቤል የእሳቸው ነው፣ የሺቴን ሽልማት ደግሞ በ2017 ወሰዱ። ሕፃን ሳሉ በ1943 የቤንጋልን ረሃብ በዓይናቸው አይተዋል። በኋላ ረሃብን ሲያጠኑ ከመረጧቸው ቦታዎች አንዱ የእኛ ወሎ ነው። በ1973 ወሎ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ በአገር ደረጃ ያለው እህል ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው ሰማይ አልነካም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ሰው የሞተው መግዣ አጥቶ ነው፤ ሰብሉ ሲጠፋበት ገቢውም አብሮ ጠፋ። ሴን ከዚህ ተነስተው ነው፣ ነፃ ጋዜጣና የሚጠየቅ መንግሥት ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም ወደሚል ሐሳብ የደረሱት። የወሎው ረሃብ ተደብቆ ቆይቶ በ1973 መጨረሻ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ዓመት ሳይሞላ ዙፋኑ ወደቀ። ይኼን ስነግራቸው እማማ ዝም አሉ። ወሎዬ ናቸው።

ሽልማት ሁሉ ግን ለአንጋፋ አይደለም። የአሜሪካ ፖለቲካል ሳይንስ ማኅበር፣ በ1903 የተመሠረተው፣ በየዓመቱ ለመጽሐፍ፣ ለጆርናል ጽሑፍና ለዶክትሬት ዲሰርቴሽን ለየብቻ ይሸልማል። በገብርኤል አልመንድ ስም የሚሰጠው ለምሳሌ አገሮችን እያነጻጸረ ለሚያጠና ምርጥ ዲሰርቴሽን ነው። ብዙዎቹ ገንዘባቸው ትንሽ ነው። ጥቅማቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ገና ሥራ የሚፈልግ ወጣት ስሙ ይታወቃል፣ መጽሐፉ ይነበባል።

ራልፍ በንች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በ1934 ሃርቫርድ ላይ የፈረንሳይን አገዛዝ በቶጎላንድና በዳሆሜ (በዛሬዎቹ ቶጎና ቤኒን) አነጻጽረው ጻፉ፤ ዲሰርቴሽናቸው በዩኒቨርሲቲው የዘርፉ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ በ1950 በፍልስጤም ባደረጉት ሽምግልና የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኑ፣ የአሜሪካ ፖለቲካል ሳይንስ ማኅበርንም በፕሬዚዳንትነት መሩ። ዛሬ ማኅበሩ ስለ ብሔር፣ ስለ ዘርና ስለ ባህል ብዝኃነት ለሚጻፍ መጽሐፍ በእሳቸው ስም ይሸልማል። ለእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ የሆነ ሽልማት ካለ ይኼ ነው።

ሌሎችም አሉ። የዓለም አቀፉ ፖለቲካል ሳይንስ ማኅበር በካርል ዶይች ስም ይሸልማል፤ የመጀመሪያው ተሸላሚ በ2003 ኋን ሊንዝ ነበሩ። በኖርዌጂያኑ ስታይን ሮካን ስም የሚሰጠው ደግሞ ከ1981 ጀምሮ አለ።

አፍሪካን ለሚያጠኑት የአሜሪካው የአፍሪካ ጥናት ማኅበር በኸርስኮቪትስ ስም ሲሰጥ የቆየው የመጽሐፍ ሽልማት ትልቅ ስም አለው። ኡጋንዳዊው ማህሙድ ማምዳኒ በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ወስደውታል። ቅኝ ገዢው ከተሜውን በሕግ የሚተዳደር ዜጋ፣ ገጠሬውን በባላባት የሚገዛ ተገዢ አድርጎ ከፈለው፣ ከነፃነት በኋላም ክፍፍሉ አልጠፋም ይላሉ። የእኛ ታሪክ ሌላ ነው። ግን ከተማና ገጠር የሚላተሙበት ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ጥያቄው ይገባዋል። እኔ ያለሁበት ብሎክ የቆመው ትናንት ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። በ2014 የወጣው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ያን ሁሉ ተቃውሞ አስነስቶ፣ ሰው ሞቶበት፣ በ2016 መጀመሪያ ተሰረዘ። ስለ መሬት፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ወሰን እዚህ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ በደንብ ቢጠና የትኛውም ኮሚቴ ፊት ይቆማል ብዬ አምናለሁ።

አካሄዱ ከባድ አይደለም። ለትልልቆቹ ሽልማቶች ምሁራን ይጠቁማሉ፣ ኮሚቴ ይመርጣል። ለመጽሐፍ ሽልማት አሳታሚው ወይም ደራሲው መጽሐፉን ለዳኞቹ ይልካል፤ የኅትመት ዓመቱ የተወሰነ ስለሆነ አንዴ ካለፈ አለፈ። ለዲሰርቴሽን ዲፓርትመንቱ ነው የሚጠቁመው። እኔን የሚቆጨኝ የቋንቋው ጉዳይ ነው። ዳኞቹ የሚያነቡት በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ጥሩ ጥናት ከደጅ ይቀራል፤ የሺቴ ዝርዝርም በአሜሪካና በአውሮፓ በሚያስተምሩ ሰዎች የተሞላ ነው።

እኛም የራሳችን ነበረን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በ1960ዎቹ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ለሥነ ጥበብና ለኢትዮጵያ ጥናት ይሸልም ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 በሥነ ጽሑፍ፣ ቮልፍ ሌስላው በ1965 በኢትዮጵያ ጥናት ተሸልመዋል። ከአብዮቱ ጋር ቆመ። ሺቴ የሰጠው ወንበር አራት መቶ ዓመት ሲሻገር የእኛው አሥራ አምስት እንኳ ሳይሞላው መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ልጅቷ የቴሲስ ርዕስ እየፈለገች ነው። የእድራችንን ደንብና የቅጣት መዝገብ ማየት እችላለሁ ወይ አለችኝ። ዳኛውን ጠየቅኩላት፣ የሰው ስም ካልጻፈች ችግር የለውም ብለዋል። እሁድ ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊያችን መዝገቡን ይዘው ይጠብቋታል።