ስለ ዩኒቨርሲቲ ወጪ ድጋፍ በጎጃም የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉ ቤቶች የልጁ መማሪያ ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ ብዙው ቤተሰብም መልሱን የሚያገኘው ከጎረቤት ወሬ ነው።

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያስተምራል።» በደብረ ማርቆስም ሆነ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ተማሪ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ እንዲሁም ከትምህርት ወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን በተማሪው ስም ያስመዘግባል። የገበሬ ልጅ በእጁ ገንዘብ ሳይኖር ትምህርት እንዲጀምር ማስቻሉ ትልቅ ድጋፍ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ዕዳ ነው።

«ቅጹ ላይ መፈረም ብቻ ነው።» ቅጹ ምርጫ አለው። ምግብና መኝታ በዓይነት ወይም በገንዘብ ሊወሰድ ይችላል፤ ቤቱ እዚያው ከተማ የሆነ ተማሪም የማይጠቀምበትን አገልግሎት መተው ይችላል። «ነን ካፌ» የሆነ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት የማይመገብ ተማሪ በየወሩ የሚቀበለው ብርም የዕዳው አካል ነው፤ እንደ ኪስ ገንዘብ ቆጥረው የሚያጠፉት ጥቂቶች አይደሉም። የተፈረመው ውል ቅጂ ከትምህርት ማስረጃዎች ጋር ሊቀመጥ ይገባል።

«ዕዳውን ለመክፈል በሬ ይሸጣል።» ክፍያው የሚታሰበው ተመራቂው ሥራ ይዞ ከሚያገኘው ወርሃዊ ገቢ ላይ ሲሆን፣ መነሻው 10 በመቶ ነው።

«ያለ ደላላ የውጭ ስኮላርሺፕ አይገኝም።» የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በድረ ገጹ ያለ ክፍያ ይሞላል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን እና ኤም አይ ቲ ደግሞ የውጭ ተማሪን ሲመዝኑ የመክፈል አቅሙን ለቅበላ መስፈርት አያደርጉም፤ ከተቀበሉትም የጎደለውን ይሸፍናሉ። መግባት እጅግ ከባድ ቢሆንም ደላላ የሚያቀለው ነገር የለም። ለአመልካች ይልቅ የሚጠቅመው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል መጻፉን፣ የልደት ቀኑም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል መመለሱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው።

«ዲቪ የደረሰው ልጅ ወላጆቹ ጎጃም ከሆኑ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ አያገኝም።» ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ነፃ ነው፤ ግሪን ካርድ ለያዘ ተማሪም ክፍት ነው፤ የወላጆቹ ዜግነት አያግደውም። በተማሪ ቪዛ የሄደ ግን አይመለከተውም፤ እርሱ ድጋፍ መጠየቅ ያለበት ኮሌጁን ነው። ዕድሜው 24 ያልሞላና ያላገባ አመልካች በአብዛኛው የወላጆቹን ገቢ እንዲሞላ ስለሚጠየቅ፣ አባቱ ቢቸና ላይ ጤፍ የሚያመርት ገበሬ ቢሆንም እንኳ የዓመቱ ገቢ በዶላር ተሰልቶ መጻፍ አለበት፤ ደመወዝ የለውም ተብሎ ባዶ የሚተው ቦታ አይደለም።