የፎንት ተነባቢነት ምንድን ነው?

ተነባቢነት ዐይን አንዱን ፊደል ከሌላው ሳያምታታ ለመለየት ምን ያህል እንደሚቀለው የሚነግረን የፎንት ባሕርይ ነው። ከውበት ጋር አንድ አይደለም። ለርእስ ያማረ ፎንት ገጹን ሲሞላ ሊያደክም ይችላል።

ስናነብ ዐይናችን መስመሩን ሳያቋርጥ አይከተልም። ይዘላል፣ ለሩብ ሰከንድ ገደማ ያርፋል፣ እንደገና ይዘላል። በዚያች አጭር ዕረፍት ፊደሉ ካልለየለት ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ንባቡም ይጓተታል።

ፊደላትን የሚለየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነገር ነው። ነ እና ኘ የሚለያዩት አናት ላይ ባለች ሰረዝ ነው። ቢ ግርጌው ላይ አጭር ቅጥያ አለችው፣ ቤ ደግሞ ቀለበት። ቀለበቷ ጠባብ ሆና ከተሳለች፣ ጽሑፉ ሲያንስ ወይም ሲወፍር ቀዳዳዋ ይደፈንና ቤ ቢን ይመስላል። የግእዝ ፊደል ፎንት ጥራት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አናባቢውን የተሸከሙት እነዚህ ትንንሽ ምልክቶች ናቸውና።

መደፈን በሕትመትም የቆየ ችግር ነው። የፎንት ንድፍ ባለሙያው ማቲው ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ የስልክ ማውጫ ያወጣው ቤል ሴንቴኒያል የተባለው ፎንት በርካሽ ወረቀት ላይ በጣም ደቅቆ የሚታተም ነበር። ስለዚህ ካርተር መስመሮቹ በሚገናኙበት ማእዘን ላይ ሆን ብሎ ክፍተት ተወ። ቀለሙ ሲንሰራፋ ክፍተቱን ይሞላል፣ የፊደሉ ቅርጽ ግን አይጠፋም። ፎንቱ ሲጎላ የተቦረቦረ ይመስላል፤ በታሰበለት መጠን ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። እንዲህ ለአንባቢው የታሰበለት ንድፍ ያስደንቀኛል።

በፊደላት መካከል ያለው ክፍተትም የንድፉ አካል ነው። ፊደላት ሲጨናነቁ አንዱ የሌላውን መታወቅ ያውካል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ የማንበብ ችግር (ዲስሌክሲያ) ያለባቸው የጣሊያንና የፈረንሳይ ልጆች ክፍተቱ ሰፋ ሲደረግላቸው በፍጥነትም በትክክልም የተሻለ አንብበዋል።

በላቲን ፊደላት ጫፍ ላይ ትንሽ ጭረት (ሴሪፍ) ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር ግን ከሚገባው በላይ የገነነ ነው፤ ጥናቶች የሚያገኙት ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ፎንት ስትመርጡ ይልቅ ቢንና ቤን፣ ነንና ኘን፣ ተንና ቸን ጎን ለጎን ጻፉና አንባቢው በሚያየው የመጨረሻ ትንሽ መጠን፣ በወፍራሙም በቀጭኑም እዩዋቸው።